ቅርፊቱ ኩርሽም የሚል የዶሮ ጥብስ በቤት ውስጥ፦ አራት አሠራሮች ከነምክንያታቸው

«ዶሮው ከውጭ ይጠቁራል፣ አጥንቱ ጋ ስደርስ ግን ጥሬ ነው።» «ከዘይት ሲወጣ ኩርሽም ይል ነበር፣ ገበታ ላይ እስኪቀርብ ላላ።» ዶሮ በቤታቸው መጥበስ የሚሞክሩ ሰዎች እነዚህን ሁለት ችግሮች ደጋግመው ያነሡልኛል፤ ከጅዳ ወይም ከሪያድ የተመለሱት ደግሞ እዚያ የለመዱትን ብሮስት (በግፊት ማሽን በዘይት የሚጠበሰውን ዶሮ) በራሳቸው ማእድ ቤት እንዴት እንደሚያገኙት ይጠይቁኛል። ለእያንዳንዱ ሰው ቁንጽል መልስ ከመስጠት ይልቅ ሙሉውን አሠራር ከነምክንያቱ እዚህ አስቀምጫለሁ።

ሥራው ሁሉ የውሃ ጉዳይ ነው። ቅርፊት ኩርሽም የሚለው በውስጡ ያለው ውሃ ተኖ ሲያልቅና ዱቄቱ ወይም ቆዳው ደርቆ ሲጠነክር ነው፤ ሥጋው ግን እንዳይደርቅ ውሃው ከውስጡ መውጣት የለበትም። ከዚህ በታች ያለው እያንዳንዱ እርምጃ ከሁለቱ አንዱን ይሠራል፦ ወይ ከላይ ያለውን ውሃ ያስወግዳል፣ ወይ ከውስጥ ያለውን ይይዛል። አንዱን እርምጃ ለመዝለል በሚያስቡበት ጊዜ ከሁለቱ የትኛውን እንደሚያጡ አስቀድመው ይመልከቱ።

ከመጀመርዎ በፊት፦ ዶሮው

የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሠራሮችና በኦቨን የሚሠራው አሠራር በስድስትና በሰባት ሳምንት ዕድሜ ለሚታረደው የፈረንጅ ዶሮ የተዘጋጁ ናቸው። ይህ ዶሮ ሥጋው ለስላሳ ስለሆነ በዘይት ውስጥ ከሃያ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይበስላል። የሐበሻ ዶሮ ግን ዕድሜው የበሰለና ሲሮጥ የኖረ በመሆኑ ጅማቱ በዘይት ብቻ አይለሰልስም፤ ለእርሱ ሦስተኛው አሠራር አለለት።

ለዶሮ ወጥ ቆዳውን መግፈፍ ለምደናል። ለጥብስ ግን ቆዳው እንዳይነካ። ቆዳው ሲጠበስ ስቡ ይቀልጣል፣ የቀረው ደርቆ ይጠነክራል፣ ሥጋውንም ከዘይቱ ቀጥተኛ ሙቀት ይከልላል። ዶሮውን ቤት ውስጥ የሚያርዱ ከሆነ ላባውን በሚነጩበት ጊዜ በጣም የፈላ ውሃ አይጠቀሙ፤ ቆዳው በከፊል ስለሚበስል በሚነጭበት ጊዜ ይቀደዳል። ወደ 60 ዲግሪ የሚጠጋ፣ ጣት ለቅጽበት እንኳ የማያስነካ ነገር ግን ያልፈላ ውሃ ይበቃል። ከዚያም ዶሮው ቢያንስ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት በፍርጅ ውስጥ ይቆይ። ልክ እንደታረደ የሚጠበስ ዶሮ ጡንቻው ገና የተኮማተረ ስለሆነ ምንም ያህል በጥንቃቄ ቢሠራ ይጠነክራል።

ከፍታና የዘይት ሙቀት

«ከውጭ ይጠቁራል፣ ከውስጥ ጥሬ ነው» ለሚለው ቅሬታ ዋነኛው ምክንያት ብዙ ጊዜ ይህ ነው። አብዛኞቹ የዶሮ ጥብስ አሠራሮች የተጻፉት በባሕር ጠለል አቅራቢያ ለሚኖር ሰው ሲሆን ዘይቱ 175 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲሆን ያዛሉ። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ጠለል ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። በሥጋው ውስጥ ያለው ውሃም በዚያው ዝቅ ባለ ሙቀት ስለሚተን ውጩ ፈጥኖ ይደርቃል፣ ይጠቁራል፤ ውስጡ ግን ለመብሰል ተጨማሪ ጊዜ ይፈልጋል።

መፍትሔው የዘይቱን ሙቀት በየ300 ሜትሩ ከፍታ በ1.5 ዲግሪ ያህል መቀነስና የመጥበሻውን ጊዜ በጥቂቱ ማራዘም ነው። በዚህ ስሌት 175 ዲግሪ የሚለው ትእዛዝ አዲስ አበባ ላይ ወደ 163፣ ባሕር ዳር ላይ ወደ 166፣ ድሬዳዋ ላይ ወደ 169 ይወርዳል። በአሜሪካ ዴንቨር የሚኖሩ ሰዎችም ወደ 167 ዝቅ ማድረግ ይገባቸዋል፤ በዋሽንግተን፣ በቴል አቪቭ ወይም በዱባይ ያሉት ግን በ175 ይቀጥሉ። ከዚህ በኋላ በ«ወይም» የተለዩ ሁለት የዘይት ሙቀት ቁጥሮች በሚያገኙበት ቦታ ሁሉ የመጀመሪያው ለአዲስ አበባ፣ ሁለተኛው ለዝቅተኛ ቦታ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለአንድ ዶሮ፣ ማለትም ከ1.2 እስከ 1.5 ኪሎ ለሚመዝን፦

- ደቃቅ ጨው፣ በአንድ ኪሎ ሥጋ ሁለት የሻይ ማንኪያ (12 ግራም ገደማ)
- አሬራ፣ ግማሽ ሊትር
- ፉርኖ ዱቄት፣ ሁለት ስኒ (250 ግራም ገደማ)
- የበቆሎ ወይም የድንች ስታርች፣ ግማሽ ስኒ (60 ግራም ገደማ)
- ቤኪንግ ፓውደር፣ አንድ የሻይ ማንኪያ
- ቁንዶ በርበሬ፣ የተፈጨ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ እንደ ፍላጎትዎ በርበሬ ወይም ሚጥሚጣ
- የተጣራ የሱፍ ዘይት ወይም ሌላ የተጣራ የምግብ ዘይት፣ ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ሊትር

ዕቃዎቹ፦ ወፍራም መቀመጫ ያለውና ቢያንስ አምስት ሊትር የሚይዝ ድስት ከነክዳኑ፣ ረጅም መቆንጠጫ፣ የሽቦ መደርደሪያ (ኬክ የሚቀዘቅዝበት ዓይነት)፣ ወንፊት፣ ከተቻለም የምግብ ቴርሞሜትር። ለአንድ ዕቃ ብቻ ገንዘብ ማውጣት ከቻሉ ለቴርሞሜትሩ ያውጡ።

ስለ ግብዓቶቹ ሦስት ነጥቦች ልጨምር። ስታርች የምለው ነጭ፣ በጣት መካከል ሲታሽ ጭርጭር የሚለውን ልስልስ ዱቄት ነው፤ ብጫው ወይም ሻካራው የበቆሎ ዱቄት በእርሱ ምትክ አይገባም። አሬራ በአሜሪካ በተርሚልክ፣ በዓረብ አገሮች ለበን በሚል ስም ከሚሸጠው ጋር ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል፤ እርጎ ብቻ ካለዎት ሦስት እጅ እርጎ በአንድ እጅ ውሃ ያቅጥኑ። ቅቤ ግን ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ያልተነጠረው በውስጡ ያለው የወተት ክፍል ቶሎ ያርራል፣ የተነጠረውም ቅመሙ ተቃጥሎ ይመርራል።

አሠራር አንድ፦ በአሬራ ተዘፍዝፎ በዱቄት የሚጠበስ

1. ዶሮውን ተመጣጣኝ በሆነ መጠን ይቁረጡ። ሁለት ታፋ፣ ሁለት ቅልጥም፣ ሁለት ክንፍ፣ ደረቱን ከነአጥንቱ ለአራት። ደረቱን ለሁለት ብቻ ከከፈሉት ውፍረቱ ከሌሎቹ ስለሚበልጥ ቅልጥሙ በስሎ ሲያልቅ ደረቱ መሐሉ ጥሬ ይሆናል።

2. ያጽዱና ያድርቁ። በሎሚና በጨው ማጠብ ልማድዎ ከሆነ በሳሕን ውስጥ በቀስታ ያድርጉት፤ በቧንቧ ሥር የሚታጠብ ጥሬ ዶሮ ውሃው ሲረጭ ጀርሙን ወደ ዕቃና ወደ ሰላጣ ያዛምታል። በሎሚው ውስጥ ከጥቂት ደቂቃ በላይ አያቆዩት፤ አሲዱ የሥጋውን ገጽ አንጥቶ ሻካራ ያደርገዋል። ከዚያ እያንዳንዱን ብልት በወጥ ቤት ወረቀት ወይም በንጹሕ ጨርቅ እስኪደርቅ ድረስ ይጫኑት፤ በተለይ በክንፉ እጥፋትና ከቆዳው ሥር የሚደበቀውን ውሃ አይርሱ።

3. ጨው ይንስንሱና ያሳድሩ። የተመዘነውን ጨው በሁሉም ጎን ነስንሰው ሳይሸፍኑ በፍርጅ ውስጥ ከአራት ሰዓት እስከ አንድ ሌሊት ይተዉት። ጨው መጀመሪያ ከሥጋው ውሃ ያወጣል፤ ከቆይታ በኋላ ግን ውሃው ጨውን ይዞ ተመልሶ ይገባል፣ የሥጋውንም ፕሮቲን ስለሚያላላው በሙቀት ጊዜ ውሃውን አጥብቆ ይይዛል። ጨው የሌለበት ሥጋ ቅርፊቱ ምንም ያህል ቢጣፍጥ በሁለተኛው ጉርሻ ላይ ባዶነቱ ይታወቃል። ጊዜ ከሌለዎት አንድ ሰዓት እንኳ ይጠቅማል።

4. በአሬራ ይዘፍዝፉ። ነጭ ሽንኩርቱን፣ ዝንጅብሉን፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨውና የሚወዱትን በርበሬ በአሬራው ውስጥ በጥብጠው ዶሮውን ከሁለት እስከ አራት ሰዓት በፍርጅ ያቆዩት። የአሬራው ቀለል ያለ አሲድ ሥጋውን በጥቂቱ ያለሰልሳል፤ ዋናው ጥቅሙ ግን ዱቄቱን እንደ ሙጫ ማጣበቁ ነው። በርበሬውን ከዱቄቱ ይልቅ እዚህ መጨመር የሚሻለው፣ በዱቄቱ ላይ ሲሆን ከዘይቱ ጋር በቀጥታ ስለሚገናኝ ዶሮው ሳይበስል አርሮ ስለሚመርር ነው።

5. ዱቄቱን ያዘጋጁ። ፉርኖውን፣ ስታርቹን፣ ቤኪንግ ፓውደሩን፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨውና አንድ የሻይ ማንኪያ ቁንዶ በርበሬ ሰፊ ሳሕን ላይ ይቀላቅሉ። ፉርኖ ብቻውን ሲሆን በውስጡ ያለው ግሉተን (የስንዴ ፕሮቲን) ቅርፊቱን እንደ ዳቦ ያጠነክረዋል፤ ስታርቹ ይህን ይቀንስና እንዲሰበር ያደርገዋል። ቤኪንግ ፓውደሩ በሙቀት ጊዜ ጋዝ እየለቀቀ ቅርፊቱን ቀዳዳማና ቀላል ያደርገዋል። አሁን ሦስት የሾርባ ማንኪያ አሬራ በዱቄቱ ላይ ያንጠባጥቡና በጣትዎ ጫፍ ፍርፍር እስኪል ድረስ ያሹት። በሱቅ የሚሸጠው ጥብስ ላይ የሚታዩት ጉብታዎች የሚመጡት ከእነዚህ ፍርፋሪዎች ነው።

6. ዱቄት ያልብሱ። አንዱን ብልት ከአሬራው አውጥተው የሚንጠባጠበው እስኪቀንስ ይጠብቁ፣ በዱቄቱ ላይ ያኑሩትና በመዳፍዎ ጫን እያደረጉ በሁሉም ጎን ያልብሱት፤ መንከባለል ብቻውን አይበቃም። አንድ እጅ ለእርጥቡ፣ ሌላው ለደረቁ ቢሆን ጣትዎ በሊጥ አይጠቀለልም። የተረፈውን ዱቄት ያራግፉ።

7. ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በሽቦው ላይ ያሳርፉ። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። ልክ እንደለበሰ ሲያዩት ነጭና ብናኝ የበዛበት ነው፤ ካረፈ በኋላ ግን ነጩ ጠፍቶ ገጹ ረጠብ ያለ፣ ክሬም የመሰለ ቀለም ይይዛል። ያን ጊዜ ዱቄቱ ውሃውን ጠጥቶ ከቆዳው ጋር ተጣብቋል ማለት ነው። ያላረፈ ዱቄት በዘይት ውስጥ ይላቀቃል፣ ከድስቱ ሥር ወርዶ ይቃጠላል፣ ዘይቱንም ያጠቁራል። በዚህ ጊዜ ደረቅ ነጭ ቦታ ከቀረ በጣትዎ ትንሽ አሬራ ይንኩት።

8. ዘይቱን ያሙቁ። ድስቱን ከግማሽ በታች ይሙሉ። ሙቀቱን ከዶሮው በፊት ከታሰበው 10 ዲግሪ ከፍ አድርገው ወደ 173 ወይም 185 ያድርሱት፤ ቀዝቃዛው ዶሮ ሲገባ መውረዱ አይቀርምና። ቴርሞሜትር ከሌለ የእንጨት ማማሰያ እጀታ በደንብ አድርቀው ወደ ዘይቱ ይንከሩ፦ በዙሪያው ደቃቅ አረፋ በዝግታና በተከታታይ ከወጣ ዝግጁ ነው፤ ምንም ካልወጣ ገና ነው፤ እየተንጫጫ የሚፈላ ከሆነ በዝቷልና እሳቱን ይቀንሱ። ዘይቱ ጭስ ካወጣ አልፎበታል፤ ምድጃውን አጥፍተው ባለበት ያቀዝቅዙት።

9. በጥቂት በጥቂቱ ይጥበሱ። በአንድ ጊዜ ከአራት ብልት አይብለጥ። ዶሮው ብዙ ሲሆን የዘይቱ ሙቀት ይወድቃል፣ ከሥጋው የሚወጣው እንፋሎት ይደክማል፣ ዘይቱን ወደ ውጭ የሚገፋው ይህ እንፋሎት ስለሆነም ቅርፊቱ ዘይት ጠጥቶ ይከብዳል። ብልቱን ከእርስዎ ራቅ ባለው አቅጣጫ ቀስ ብለው ያስገቡ፤ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች አይንኩት፤ ከዚያ በየሦስት ደቂቃው ያገላብጡ። እሳቱን እየመጠኑ ዘይቱ ከ150 እስከ 163 ባለው ክልል እንዲቆይ ያድርጉ፤ በዝቅተኛ ቦታ ከ162 እስከ 175። ክንፍ ከ9 እስከ 11 ደቂቃ፣ ደረት ከ12 እስከ 14፣ ታፋና ቅልጥም ከ14 እስከ 17 ደቂቃ ይወስዳሉ።

   በዚህ ጊዜ ጆሮዎን ይጠቀሙ። ዶሮው ሲገባ የሚሰማው ከፍተኛ ጩኸትና ትላልቅ አረፋ ውሃው እየተነነ መሆኑን ያመለክታል። ጩኸቱ እየቀነሰ አረፋው ሲደቅና ሲረጋ ከቅርፊቱ አብዛኛው ውሃ ወጥቷል። ቀለሙ ወርቃማ ቡኒ ሆኖ ጩኸቱ ገና ከፍ ያለ ከሆነ እሳቱ በዝቷልና ቀንሰው ይቀጥሉ።

10. መብሰሉን ያረጋግጡ። በወፍራሙ ቦታ፣ አጥንቱን ሳይነካ የሚለካው ሙቀት ቢያንስ 74 ዲግሪ መሆን አለበት። ደረቱን በዚያ ላይ ያውጡት፤ ታፋና ቅልጥም ግን ጅማት ስላላቸው እስከ 80 ቢደርሱ የበለጠ ይለሰልሳሉ። ቴርሞሜትር ከሌለ ከመጀመሪያው ዙር ወፍራሙን ብልት እስከ አጥንቱ ሰንጥቀው ይዩ፦ ሥጋው ከአጥንቱ በቀላሉ መላቀቅ አለበት፣ የሚያብረቀርቅና የሚጎተት ጥሬ ገጽም መኖር የለበትም። የወጣት ዶሮ አጥንት በደንብ በስሎም በዙሪያው ያለውን ሥጋ ሊያቀላው ስለሚችል ቀለሙ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

11. በሽቦው ላይ ያውጡ። ዶሮው ገና እንፋሎት እየለቀቀ ነው። በሳሕን ወይም በወረቀት ላይ ቢያኖሩት እንፋሎቱ ከሥር ታምቆ ቅርፊቱን ያለሰልሰዋል፤ በክዳን ቢሸፍኑት ደግሞ ከላይ ይንጠባጠብበታል። «ገበታ እስኪቀርብ ላላ» ለሚሉኝ ሁሉ መልሱ ይህ ነው። ሌላው ዙር እስኪያልቅ በ95 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ ከነሽቦው ማቆየት ይቻላል። ሚጥሚጣ የሚወዱ ከሆነ ልክ ከዘይቱ እንደወጣ ይነስንሱበት፤ በላዩ ባለው ቀጭን ዘይት ይጣበቃል፣ አያርርም።

ማስጠንቀቂያ

- በፕሬዠር ድስት ውስጥ ዘይት አድርገው ክዳኑን ፈጽሞ አይዝጉ። ብሮስት የሚሠራው ለዘይትና ለግፊት ተብሎ በተሠራ የሱቅ ማሽን ነው። የቤቱ ፕሬዠር ድስት ጎማና ማስተንፈሻ የተሠራው ለውሃ እንፋሎት ሲሆን የዘይት ሙቀት ከዚያ እጅግ ይበልጣል፤ ጎማው ሲለቅ የጋለው ዘይት ይፈነዳል። ብሮስትን የሚያስወድደው የሥጋው እርጥበትና እስከ አጥንት የዘለቀው ጨው ነው፤ ሁለቱንም ከላይ በተራ ቁጥር 3 ባለው የማሳደር እርምጃ ያገኟቸዋል።
- ዘይት በእሳት ከተያያዘ ውሃ አይድፉበት፤ ድስቱንም ከቦታው አያንሱት። ምድጃውን ወይም ሲሊንደሩን ያጥፉ፣ ድስቱን በብረት ክዳኑ ይክደኑ፣ እስኪቀዘቅዝ አይክፈቱት። ለዚህም ሲባል ክዳኑ ከመጀመሪያው በእጅዎ ቅርብ ይሁን።
- በረዶ ያለበት ዶሮ ወደ ዘይት አይግባ። በፍርጅ ውስጥ አንድ ቀን ሙሉ ሟሙቶ ይድረቅ፤ በረዶው በዘይት ውስጥ በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ ዘይቱን ወደ ፊትና ወደ እጅ ይረጫል።
- ጥሬ ዶሮ የነካው አሬራና ዱቄት ለሌላ ምግብ አይውሉ። መክተፊያውንና ቢላውን በሳሙናና በሙቅ ውሃ ይጠቡ።
- ልጆች በሚመላለሱበት ቤት የድስቱ እጀታ ወደ ውስጥ ይዙር፤ ዘይቱም እስኪቀዘቅዝ ከምድጃው ላይ አይውረድ።

አሠራር ሁለት፦ ሁለት ጊዜ የሚጠበስ ክንፍ

በአሜሪካና በሌሎችም አገሮች በኮሪያ ምግብ ቤቶች የሚቀርበው ቅርፊቱ ቀጭን የሆነ ጥብስ የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው። ማባያ ለሚቀባ ዶሮ ከሁሉም የሚመረጠው ይህ አሠራር ነው።

1. አንድ ኪሎ ክንፍ በመገጣጠሚያው ቆርጠው፣ አድርቀው፣ በሁለት የሻይ ማንኪያ ጨው ቢያንስ አንድ ሰዓት በፍርጅ ያቆዩ።
2. እንደገና በወረቀት አድርቀው አንድ ስኒ ስታርች ውስጥ ያገላብጡና በደንብ ያራግፉ። አሬራም ፉርኖም አይገባበትም፤ ስታርች ብቻውን ቀጭንና እንደ መስታወት የሚሰበር ቅርፊት ይሰጣል።
3. በ150 ወይም በ160 ዲግሪ ለ8 ደቂቃ ይጥበሱ። ቀለሙ ገና ፈዛዛ መሆኑ አያሳስብዎት፤ በዚህ ዙር የሚፈለገው ሥጋው እንዲበስል ነው።
4. በሽቦ ላይ አውጥተው 10 ደቂቃ ያሳርፉ። በዚህ ጊዜ ከሥጋው ውስጥ ያለው እርጥበት ወደ ቅርፊቱ ይወጣል፤ አሁን ቢቀምሱት ለስላሳ ነው።
5. ዘይቱን ወደ 173 ወይም 185 አድርሰው ለ3 ደቂቃ ያህል ይመልሱት። ወደ ቅርፊቱ የወጣው እርጥበት አሁን ይተናል፤ አንድ ጊዜ ብቻ የተጠበሰ ክንፍ ቶሎ የሚላላው ይህ እርጥበት በውስጡ ስለሚቀርበት ነው።
6. ማባያ ከፈለጉ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ማር፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ አዋዜና አንድ ፍሬ የተፈጨ ነጭ ሽንኩርት በዝግተኛ እሳት ከማንኪያ ላይ ቶሎ የማይወርድ እስኪሆን ያፍሉት፣ ከዚያም በብሩሽ ስስ አድርገው ይቀቡ። ቀጭን ማባያ ውሃው ብዙ ስለሆነ ሁለቱን ዙር የለፉበትን ቅርፊት በደቂቃዎች ውስጥ ያበላሸዋል።

አሠራር ሦስት፦ የሐበሻ ዶሮ

1. ቆዳውን ሳይገፍፉ በየብልቱ ከቆራረጡ በኋላ በጨው፣ በዝንጅብልና በነጭ ሽንኩርት ውሃ ውስጥ ቢላ በቀላሉ እስኪገባው በዝግታ ይቀቅሉት። እንደ ዕድሜው ከአንድ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ይወስዳል፤ ውሃው ሳይንተከተክ ብቅ ብቅ ይበል፣ አለበለዚያ ቆዳው ይቀደዳል። ለዚህ ቅቅል፣ በውሃ ስለሆነ፣ ፕሬዠር ድስት መጠቀም ይቻላል፤ በደጋ ደግሞ ጊዜውን በጣም ያሳጥራል።
2. ብልቶቹን ከመረቁ አውጥተው በሽቦ ላይ በፍርጅ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ያድርቁ። ትኩስ ሆኖ ወደ ዘይት የሚገባ ቅቅል በውሃ የተሞላ ነውና ይረጫል፣ ቆዳውም አይደርቅም። መረቁን አይድፉት።
3. ስታርች ስስ አድርገው ነስንሰው በ170 ወይም በ180 ዲግሪ ከ4 እስከ 5 ደቂቃ ይጥበሱ። ሥጋው ቀድሞ ስለበሰለ የሚጠብቁት የቆዳውን ቀለምና የጩኸቱን መቀነስ ብቻ ነው።

የዚህ ዶሮ ጣዕም ከፈረንጁ ይልቃል፤ ጊዜ ላለው ሰው የምመርጥለት ይህንን ነው።

አሠራር አራት፦ ያለ ዘይት ድስት፣ በኦቨን ወይም በኤር ፍራየር (በጋለ ነፋስ በሚጠብስ ማሽን)

1. አንድ ኪሎ ክንፍ በደንብ አድርቀው አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደርና አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ጨው እኩል ይነስንሱበት። ቤኪንግ ፓውደሩ የቆዳውን አሲድነት ስለሚቀንስ ቆዳው በቀላሉ ኩርሽም ይላል፣ ቶሎም ቡኒ ይሆናል። ቤኪንግ ሶዳ በስሕተት አይጠቀሙ፤ በዚህ መጠን ሳሙና ሳሙና ይላል።
2. በሽቦ ላይ ደርድረው ሳይሸፍኑ በፍርጅ ከ8 እስከ 24 ሰዓት ይተዉት። የፍርጅ አየር ደረቅ ስለሆነ ቆዳውን እንደ ብራና ያደርቀዋል። ዘይት በሌለበት አሠራር ይህን እርምጃ የሚተካ ነገር የለም።
3. በኦቨን ከሆነ ከሽቦው ሥር ትሪ አድርገው በ220 ዲግሪ ከ45 እስከ 50 ደቂቃ፣ በመሐል አንዴ በመገልበጥ ይጋግሩ። በኤር ፍራየር ከሆነ በ200 ዲግሪ ከ20 እስከ 24 ደቂቃ ይበቃል፤ ብልቶቹ ግን አንዱ በአንዱ ላይ አይደረቡ፣ ማሽኑ የሚያደርቀው ነፋስ በመሐላቸው ሲያልፍ ነውና።

በአሠራር አንድ ያለውን ዱቄት የለበሰ ዶሮ በኤር ፍራየር ለመሥራት የሚሞክሩ ሰዎች ነጭ፣ ብናኝ የሆነ ቅርፊት ይወጣባቸዋል። ዱቄት ለመብሰል ዘይት ስለሚያስፈልገው ነጭ ቦታ እስኪጠፋ ድረስ በዘይት መንፊያ ይርጩበት፤ ያም ሆኖ በዘይት ከተጠበሰው ጋር አይተካከልም።

ደጋግመው የሚታዩ ስሕተቶች

*ቅርፊቱ ከቆዳው ተላቆ ወረደ።* ዶሮው እርጥብ ሆኖ ለብሷል፣ ወይም ሳያርፍ ገብቷል፣ ወይም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ተነክቷል።

*ዘይት ጠጣ።* ዘይቱ አልሞቀም ነበር ወይም ድስቱ ተጨናንቋል።

*ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ ጥቋቁር ነጠብጣብ ታየበት።* የወደቀው ዱቄት ከሥር እየተቃጠለ ነው፤ በየዙሩ መካከል በወንፊት ማንኪያ ይልቀሙትና ሙቀቱ ተመልሶ እስኪደርስ ይጠብቁ።

*ቅርፊቱ ጠንክሮ ጥርስ ያስቸግራል።* ስታርቹ አንሷል፣ ወይም ዱቄቱ ከአሬራው ጋር ሊጥ እስኪሆን ታሽቷል፤ ፍርፍር ሲል ማቆም ይገባል።

*ደረቱ ደረቀ።* ከታፋው ጋር እኩል ቆይቷል። ደረትን ለብቻው ዙር ይጥበሱ።

የተረፈው ዶሮና ዘይት

የተጠበሰ ዶሮ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ አይቆይ። በፍርጅ እስከ ሦስት ቀን ይቆያል፤ ወደ ዕቃ የሚገባው ግን ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። ሲያሞቁት በ200 ዲግሪ ኦቨን በሽቦ ላይ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ወይም በኤር ፍራየር ለ6 ደቂቃ ያህል ያድርጉት፤ ማይክሮዌቭ የሥጋውን ውሃ ወደ ቅርፊቱ ስለሚገፋው አይመከርም። ለጎረቤት ወይም ለታማሚ ጥየቃ የሚወስዱት ከሆነ በወረቀት ከረጢት አፉን ከፍተው ይያዙት፤ በክዳን የሚዘጋ ፕላስቲክ ዕቃ በመንገድ ላይ ያለሰልሰዋል።

ዘይቱን ከቀዘቀዘ በኋላ በጨርቅ በተደገፈ ወንፊት አጥልለው በጠርሙስ፣ ብርሃን በማያገኘው ቦታ ያስቀምጡ። ሦስት ጊዜ ያህል ለዶሮ ሊያገለግል ይችላል። ገና ሳይግል የሚያጨስ፣ ሲሞቅ የማይጠፋ ነጭ አረፋ የሚያወጣ፣ የወፈረ ወይም የጎመዘዘ ሽታ ያለው ዘይት ግን ጊዜው አልፏል። እርሱንም ወደ ማጠቢያ ቧንቧ አይልቀቁት፤ ረግቶ ይደፍነዋል። በተዘጋ ጠርሙስ አድርገው ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ያስወግዱት።